አንዴ ለጠራ አቤት አይባልም

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው የሚሸሸው ጨለማን ሳይሆን ፀሐይን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት መንገዱ ጭር ይላል። ባጃጁ ዛፍ ሥር ይቆማል፤ ባለሱቁ ካርቶን አንጥፎ ጋደም ይላል፤ ሥራ ያለውም የሌለውም ጥላ ፍለጋ ይበተናል። ጥላ ከነቬንቲሌተሩ የሚገኘው ደግሞ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሐምዲያ ጌም ቤት ነው። እዚያ የሚገባ ሁሉ ጨዋታ ወዳድ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ የሚመጣው ላቡን ሊያደርቅ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሚያሳፍር ብቻ አንድ ዙር ኳስ ይጫወታል።

ሐምዲያ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ሷሊሕ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለቴ ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። ጌም ቤቱን ስትከፍት «ሴት ልጅ ምን በወጣት የጎረምሳ ማከማቻ ትከፍታለች» ተብሎ ተወርቶባት ነበር። እሷ ግን ለወሬኛ መልስ መስጠት አልፈጠረባትም። ሦስት ቴሌቪዥን ሰቀለች፣ መስኮቱንና በሩን በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ጋረደች፣ በሩ ላይ «ስድብ፣ ሲጋራና ጫት ክልክል ነው» ብላ ለጠፈች። ሦስቱም ይጣሳሉ፤ እሷ ፊት ግን አይጣሱም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ራሷ ተቀምጣ ትጫወታለች። ቢኒያም የሚባለውን ባለባጃጅ አራት ለባዶ ያሸነፈችው ጊዜ፣ ልጁ ለሳምንት ያህል በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ ነበር።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር መምህሩ ምናሴ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ምናሴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እዚህ ከተመደበ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁንም በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግቶ ስለሚሄድ ይሳቅበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ ቤቱን ዘግቶ አንድ ነገር ይሠራ እንደነበር ከተማው ያውቃል። ምን እንደሚሠራ ግን እስከዚያ ቀን ያወቀ አልነበረም።

«እትዬ ሐምዲያ፣ ትልቁን ቴሌቪዥን ለአንድ ሁለት ሰዓት ትለቂልኛለሽ?» አላት። «የራሴ ጌም ነው። የሚያስፈራ ጌም። ሰኞ አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች መላክ አለብኝ፤ ከእኔ ሌላ የተጫወተው ሰው ግን የለም።»

«ያስፈራል?» አለች።

«እኔ ምኑን አውቄ። ሁለት ዓመት ስላየሁት አሁን የሚያስፈራኝ ሰኞ ብቻ ነው።»

ሐምዲያ ሳቀችና የትልቁን ቴሌቪዥን ገመድ ፈታችለት። ቢኒያም ከባጃጁ ሸሽቶ ቬንቲሌተሩ ሥር ተዘርግቶ ነበር፤ ጎኑ ጸጉር አስተካካዩ ፈይሰል ተቀምጧል። ቢኒያም አፉ የማይዘጋ፣ ፈይሰል ደግሞ የማይከፈት ነው፤ አብረው የኖሩትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ምናሴ ደብተሩን አውጥቶ የመጀመሪያ ስሜታችሁን ሳትደብቁ ንገሩኝ አላቸው። ቢኒያም ይህን መለመን አያስፈልገውም ነበር።

የጨዋታው ስም «ማሽላው ውስጥ» ነው። ስክሪኑ ሲበራ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ማሽላ መሃል አንዲት እናት ትታያለች፤ ልጆቿ ጠፍተውባታል፤ ተጫዋቹ እሷን ይዞ መንገዱ ጋ መድረስ አለበት። እርሻው ውስጥ ግን ሌላ ነገርም አለ። ምናሴ «ረጅሙ» ነው የሚለው። አካሉ አይታይም፤ ጭንቅላቱ ብቻ ከማሽላው ራስ በላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ወደዚያ ይዞራል።

«ይሄ ወፍ ማባረሪያ ነው እንዴ?» አለ ቢኒያም። «ኮፍያ ቢያደርጉለት አጎቴን ነው የሚመስለው።»

ፈይሰል ፈገግ አለ። ቢኒያም ግን ማውራቱን የቀጠለው ረጅሙ ወደ እሱ ፊቱን እስኪያዞር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ እግሩን ሶፋው ላይ ሰበሰበ። እናቲቱን ሲያስሮጣት ቅጠሉ ተንሿሿ፤ ሲያቆማት የራሷ ትንፋሽ ከቴሌቪዥኑ ጎልቶ ይሰማል። ምናሴ የተጫዋቹን ፊት እያየ ይጽፋል። ቢኒያም በሦስተኛው ደቂቃ «ቲቸር፣ መብራት አብሩልኝ፤ ዓይኔን እያመመኝ ነው» አለ። ዓይኑ ምንም አልሆነም፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ከሩቅ፣ ከማሽላው ጥግ፣ የወንድ ድምፅ።

«እማ! የት ነሽ?»

ከስክሪኑ ሥር አንድ ቁልፍ በራ፤ «አቤት» ይላል። ቢኒያም እጁን ከመጫወቻው ላይ አነሳና ጠበቀ። ቁልፉ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ጠፋ። ድምፁም አልተደገመም። ወዲያው የረጅሙ ጭንቅላት ከላይ ጎንበስ አለ፤ ስክሪኑ ጨለመ፤ ቢኒያም ሞተ።

ሐምዲያ ለስላሳ ወደ ፍሪጅ እያስገባች ነበር። ድምፁን ስትሰማ ጠርሙሱን እንደያዘች ቀረች። ቅዝቃዜው መዳፏን እስኪያማት ድረስ መያዟን አላወቀችውም። ድምፁን ታውቀዋለች። የባሏ ታናሽ ወንድም የአንዋር ድምፅ ነው። ቃሉንም ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ሰምታዋለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማሽላ ውስጥ ተደብቃ።

ጦርነቱ ቆላው ድረስ በወረደበት በዚያ ኅዳር ሷሊሕ ከመኪናው ጋር ጅቡቲ ነበር። አንዋር መኪና ፈልጌ ልምጣ ብሎ እንደወጣ መንገዱ ተዘጋ። ሐምዲያ የሦስት ዓመት ልጇን ሩቂያን አዝላ፣ አማቷን እማ ሰይዳን በክንዷ ደግፋ፣ ከከተማው በታች ወዳለው የቤተሰቡ ማሽላ ገባች። አንድ ጀሪካን ውኃና ጥቂት ቆሎ ነበራቸው። የእማ ሰይዳ የስኳር መድኃኒት ቤት ውስጥ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። አሮጊቷ ግን ስለ መድኃኒቱ አንድ ቀን አላነሱም። ልጄ የት ደርሶ ይሆን፣ አንዋር በሕይወት ይኖር ይሆን፣ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ መጣ። እማ፣ የት ነሽ። ሐምዲያ አቤት ልትል አፏን ስትከፍት የአማቷ መዳፍ አፏ ላይ አረፈ። «ቆዪ፤ ሦስት ይበል» አሉ በሹክሹክታ። ሁለተኛው አልመጣም። በማግሥቱ እማ ሰይዳ አረፉ። በአምስተኛው ቀን ገበሬዎች ሐምዲያንና ልጇን አግኝተው አወጧቸው።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቃት። ሊፈልጋችሁ የመጣ ሰው አልነበረም? የጠራችሁ አልነበረም? ሐምዲያ «ማንም አልጠራንም» አለች። ምን ትበል? አማቴ አፌን ያዙኝ ብትል በሙት ማላከክ ነው። ሰምቼ ዝም አልኩ ብትል አማቷን ያስገደለች ምራት ተብላ መቅረቷ ነው። ስለዚህ ድምፁን ዋጠችው፤ አሮጊቷ ከድምፁ በኋላ ያሉትንም አብራ ዋጠችው፤ አንዱን ደብቆ ሌላውን መናገር አይቻልማ። አንዋርም በበኩሉ «መንገድ ተዘግቶብኝ በእግሬ ወደ ደጋው ወጣሁ፤ ወደ ማሽላው መውረድ አልቻልኩም» ብሎ ነበር። እንደወረደ ታውቃለች። ውሸትህን ነው እንዳትለው የራሷ ውሸት ይጋለጣል። ሁለቱ ውሸቶች እንዲህ ተደጋግፈው አራት ዓመት ቆሙ።

አሁን ያ ድምፅ ከቴሌቪዥን እየወጣ ነው። ለሐምዲያ የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ አንዋር ያውቃል። ሰምተን ዝም እንዳልን ያውቃል። ፊት ለፊት ሊናገረኝ ስላልፈለገ በቲቸሩ ኮምፒውተር በኩል እየነገረኝ ነው።

«ቀጥሎ ፈይሰል» አለ ምናሴ።

ፈይሰል ሳይናገር ተቀመጠ፤ ሳይናገርም ጥሩ ተጫወተ። ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ እያዘገመ ከቢኒያም እጥፍ ርቀት ሄደ። «ቲቸር፣ ድምፁ ልክ አይደለም» አለ መሃል ላይ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «በኅዳር ማሽላው ደርቋል። የደረቀ ቅጠል አይንሿሿም፤ ይሰበራል።» ምናሴ እየፈጠነ ጻፈ። ድምፁ ሲመጣ ግን ፈይሰልም እንደ ቢኒያም እጁን አነሳ። ጠበቀ። ቁልፉ ጠፋ። ሞተ።

ምናሴ ደብተሩን ዘጋው። «እንዴ፣ ምን ሆናችኋል? አቤት የሚለውን ለምን አትጫኑትም? ሊያድናችሁ የመጣ ሰው ነው እኮ። ጌሙ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው።»

ሁለቱም ተያዩ።

«አንዴ ለጠራ አቤት አይባልም» አለ ፈይሰል።

«ለምን?»

«ጅን ቢሆንስ? ጅን የሰው ድምፅ መስሎ አንዴ ይጠራል፤ ሲብስበት ሁለቴ ይጠራል። ሦስተኛው አይሆንለትም።»

«እኛ ቤት ሰይጣን ነው የሚሉት» አለ ቢኒያም። «ቁጥሩ ግን ያው ነው።»

ምናሴ አያቱ እንዲህ ያለ ነገር ስትል በልጅነቱ ሰምቶ እንደነበር ትዝ አለው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ኮዱን ሲጽፍ አንድም ቀን አላሰበውም። የአዲስ አበባ ልጅ ስልክ አንዴ ሲጮህ ነው የሚያነሳው። «እሺ፣ የጠራት እውነተኛ ልጇ ቢሆንስ?» አለ።

«ልጇ ከሆነማ ሦስት ጊዜ ይጠራታል» አለ ፈይሰል። «የዚህ አገር ልጅ አይደል? ደንቡን ያውቃል።»

ሐምዲያ ፍሪጁን ዘጋች። ያቺን ነገር አራት ዓመት ስታገላብጣት ኖራለች። ደንቡን ያውቃል። እናቱ ናቸው ያስተማሩት። ታዲያ ለምን አንዴ ብቻ?

«ቲቸር፣ ድምፁ የማን ነው?» አለች፤ ራሷን ዝም ማሰኘት አቅቷት።

«የአንዋር። አላወቅሽውም? ሐሳቡም የሱ ነው። እኔ የነበረኝ ረጅሙ ብቻ ነበር። ሽንኩርት ሲያስጭን አግኝቼው ስለ ጌሙ ባጫውተው፣ 'ጠላት ብቻ ከሆነ ምን ያደርጋል፤ አንድ ጠላት ያልሆነ ሰውም ይምጣበት' አለኝ። በስልኬ ቀዳሁት። ለጥንቃቄ ሁለቴ ሦስቴ ድገመው ብለው እምቢ አለ። አንዴ ይበቃል ብሎ ጥሎኝ ሄደ።»

ሐምዲያ የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበችና ቢኒያምን በእጇ ገፋ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ስጡኝ» አለች።

ቢኒያም ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

የእሷ አጨዋወት ከወንዶቹ የተለየ ነበር። ሁለት ረድፍ ያህል ከሄደች በኋላ እናቲቱን ቁጭ አደረገቻት፤ አበቃ። አትንቀሳቀስም። ረጅሙ በስተግራ አለፈ፤ በስተቀኝ ተመለሰ፤ በራሷ ላይ ቆመ። ሐምዲያ መጫወቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታየዋለች። አምስት ደቂቃ አለፈ። ቢኒያም «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልተበላሸም» አለ ምናሴ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ይጫወቱታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ብዙ ሲቀመጥ እግር ይደነዝዛል፤ ያን አልሠራህበትም» አለች ሐምዲያ። «ረጅሙ ሲሄድ ነው ሰው የሚደክመው፤ ሲቆም አይደለም። ልጅ ይዛ ቢሆን ደግሞ ልጅቷ ውኃ ውኃ ትላት ነበር። ውኃ የሚል ልጅ አፍ እንዴት እንደሚያዝ አላስቀመጥክም።»

ምናሴ አልጻፈም። በዚያ ቤት ውስጥ ያኔ የት ነበርሽ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ሁሉም የነበረበትን ያውቃል። ፈይሰል ራሱ ደጋው ድረስ በእግሩ የሄደ ነው። ቢኒያም ወንድሙን ቀብሯል። ቀልዱ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

መጋረጃው ተገልጦ ብርሃን ገባ። «መጋረጃውን» አለ ቢኒያም ዞር ሳይል። የገባው አንዋር ነበር። ሽንኩርት አስጭኖ በዚህ ሰዓት የወንድሙን ሚስት ምን ጎደለሽ ሳይላት፣ ወይ ሩቂያን ከትምህርት ቤት ሳይቀበልላት የዋለበት ቀን የለም። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጎበጥ ያለ፣ ሰው ዓይን ውስጥ ብዙ የማያይ ሰው ነው። ስክሪኑን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ! የት ነሽ?» አለ የራሱ ድምፅ።

ቁልፉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሐምዲያ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። አሁንም የአሮጊቷ መዳፍ አፏ ላይ ያለ መሰላት። ብትተወው ጨዋታ ነው፤ ሦስተኛዋ ሞች ትሆናለች፤ ቢኒያም ይስቃል፤ ነገ ሌላ ቀን ነው። አራት ዓመት እንዲሁ እያለች ነው የተወችው።

ተጫነችው። አፏም አብሮ ተከፈተ። «አቤት» አለች ጮክ ብላ።

ስክሪኑ ላይ አገዳው ተከፈለ። ፊቱ የማይታይ ሰው እጁን ዘረጋ፤ እናቲቱ ያዘችው፤ መንገዱ ታየ። ምናሴ ከመቀመጫው ተነሳ። «ጨረሽው! የመጀመሪያዋ ሰው ነሽ!»

«እንዴት ደፈርሽ?» አለ ቢኒያም። «አንዴ ነው እኮ የጠራሽ።»

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አለች። ዞር ስትል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

አንዋር ጓሮ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ፣ ፊቱን ታጥቦ ጨርሶ እንደገና ይታጠብ ነበር። ሐምዲያ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው። ሙቀቱ ከግድግዳው ሳይቀር ይወጣል።

«እኔን ለመክሰስ ነው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ድምፅህን እዚያ ያስገባኸው። ሐምዲያ ሰምታ ዝም አለች ለማለት ከሆነ፣ ፊት ለፊት ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።»

አንዋር ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ አያት። «ሰምታችሁ ነበር?» አለ።

ያኔ ገባት። አያውቅም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እሷ የሚያውቅ መስሏት የፈራችው ሰው ምንም አያውቅም። አሁንም አልሰማንም ብትል ነገሩ እዚያው ይዳፈናል፤ እሱም ይሄዳል፤ እሷም ገብታ ለስላሳዋን ትደረድራለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መልስ ሳትሰጠው ግን እሱ ቀጠለ።

«አልወረድኩም ያልኩት ውሸቴን ነው። ወርጃለሁ። በሦስተኛው ቀን በመስኖው ቦይ በኩል እየተሳብኩ እርሻችን ጥግ ደረስኩ። አንዴ ጠራሁ። ሁለተኛውን ልጠራ ስል ከላይ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ መጥራት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ከእናቴ ነው የተማርኩት። አንዴ ጠርቼ ሮጥኩ። ጣርማ በር እስክደርስ አልቆምኩም።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «አንቺ 'ማንም አልጠራንም' ስትይ፣ አውቀሽ የሸፈንሽኝ መሰለኝ። እህል ስታቀርቢልኝ አንገቴን የማላቀናው ለዚያ ነው። ለቲቸሩ የነገርኩትም... አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አቤት ሲለኝ ልስማ ብዬ ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

ሐምዲያ በርሜሉን ተደግፋ ቆመች። ለእሱ አዘነች፤ አዝናም አልዋሸችውም።

«ሰምተናል» አለች።

አንዋር መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«አቤት ልል ነበር። እማ ሰይዳ አፌን ያዙኝ። 'ቆዪ፤ ሦስት ይበል' አሉ።»

«ጠበቀችኝ?»

«ጠበቁህ።»

እንዲህ ያለውን ነገር ማለስለስ አይቻልም፤ ሐምዲያም አልሞከረችም። አንዋር ጉልበቱን አቅፎ ግንባሩን እዚያ ላይ ደፋ። ውስጥ ቢኒያም እንደገና እየተጫወተ ነው፤ ድምፁ በግድግዳው በኩል በስሱ ይሰማል። ሐምዲያ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። የቀረውን መናገር የፈለገችው ያኔ ነው። ጥፋቷን ልትደብቅ ብላ አብራ የቀበረችው ነገር የእሱ እንጂ የእሷ እንዳልነበር የገባትም ያኔ ነው።

«ሁለተኛው አልመጣም» አለች። «ግን ስትሮጥ አገዳው ሲሰበር ሰማን። ያን ጊዜ እጃቸውን ከአፌ አነሱ። 'ጅን አይሮጥም' አሉ። 'የፈራ ሰው ነው። አንዋር ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ በሕይወት አለ' አሉ።»

አንዋር ቀና አለ።

«እኔ ተነሣሁ። አሁኑኑ ልጥራው፣ ገና ይሰማናል አልኳቸው። ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ።» ሐምዲያ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አሳየችው። «'ተዪው፣ ይሂድ' አሉኝ። 'አቤት ካልሽው ይመለሳል።'»

ከመንገዱ ማዶ ባጃጆች መንቀሳቀስ ጀምረዋል፤ ፀሐይዋ በረድ ልትል ነው።

«ከዚያ በኋላ ስለ አንተ አልጠየቁም» አለች። «ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከዚያ አልነቁም።»

«ይህን አራት ዓመት ይዘሽው ኖርሽ?» አለ አንዋር። ቁጣ ነበረበት፤ ሐምዲያም ቁጣው እንደሚገባት አውቃ ተቀበለችው።

ጥቂት ቆይቶ ቁጣው ከድምፁ ወጣ።

«እንዴት ነበር ያለችው?» አላት። «እንዳለችው አድርገሽ ንገሪኝ።»

«'ተዪው፣ ይሂድ። አቤት ካልሽው ይመለሳል።'»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

ደገመችለት።